ለሲክስተን ያስቀረሁት ቦታ

ኤፕሪል 22፣ ሰኞ

የምረቃ ቆቤ መጣ! በመጨረሻ።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ በካርቶን ተጭኖ ደረሰ። የሒሳብ መምህሩ "እንግዲህ ዛሬ ማንም አይሰማኝም" ብሎ ቁጭ አለ። ልክ ነበር፣ ማንም አልሰማውም። አናቱ ነጭ፣ የፊቱ ጠርዝ ጥቁር፣ ከኋላው በወርቅ ክር ስሜ። ቪጎ። አምስት ጊዜ አነበብኩት። ስህተት ፈለግኩበት... የለም። ቪጎ ነው የሚለው።

ኤፕሪል 30 የፀደይ መቀበያው እሳት እስኪለኮስ ድረስ ራስ ላይ ማድረግ ገድ ያሳጣል ይላሉ። ጓደኛዬ ሲክስተን ግን ሽንት ቤት ገብቶ አድርጎት ወጣ።

"እንዴት ነኝ?"

"አይስክሬም ሻጭ ትመስላለህ።"

"አንተ ደግሞ አይስክሬሙ የቀለጠበት ደንበኛ።"

የቆቡ ውስጥ ነጭ ሐር ነው፣ ጓደኞች የሚጽፉበት። ግማሹ ክፍል ዛሬውኑ ፈረመልኝ። መሃሉን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ነው ያስፈረምኩት። እሱ የሲክስተን ነው። "በል ጻፍ" ስለው "አይሆንም፣ ላስብበት። አንዴ ነው የሚጻፈው" አለ። እሺ... እንጠብቃለን።

ለምረቃው አርባ አራት ቀን ቀረ። ከዚያ የሲክስተን አሮጌ ቮልቮ፣ ከዚያ ኖርዌይ፣ ሎፎተን፣ ሁለት ወር የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ። እየሸተትን እንመለሳለን። ከዚያ ደግሞ የባቡር ነጂዎች ትምህርት ቤት፣ ከተቀበሉኝ። ይቀበሉኛል? ይቀበሉኛል። ዛሬ ሁሉም ነገር ይሆናል የሚያሰኝ ቀን ነው።

ኤፕሪል 25፣ ሐሙስ

እማዬ ደወለች። "አያትህ ሰሌዳውን መላግ ጀምሯል" አለች።

ሰሌዳው... የምረቃ ቀን ከትምህርት ቤቱ በር በሩጫ ስንወጣ ቤተሰብ ሁሉ ግቢው ውስጥ ከፍ አድርጎ የሚይዘው። የሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው፤ ፊቱን ምግብ የለቀለቀ ሕፃን በትልቁ፣ ከሥሩ ስም። ሰው ይስቃል፣ እናት ታለቅሳለች፣ አለቀ።

የኔ ፎቶዎች ግን? ሁሉም ላይ ሹሩባ አለ። ቀሚስ አለ። ጀርባቸው ላይ ያ ስም ተጽፏል። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጽፈውም።

ከመንደር ወጥቼ እዚህ ኦስተርሹንድ ከተማ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቪጎ ነኝ። ሴት ልጅ ተብዬ ማደጌን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። አምና ፌብሩዋሪ፣ ሐይቁ በረዶ ላይ፣ በቆፈርናት ጉድጓድ ዓሣ እያጠመድን ነገርኩት። ለሲክስተን። ወደ ጉድጓዷ አየ። ከዚያ፦

"ክርህን ሳበው፣ ነክሷል።"

ሳብኩ። ትንሽዬ ዓሣ። እያየናት፦

"ስለዚህ ነው ከስፖርት በኋላ ሁሌ ለብቻህ የምትታጠበው? እኔ ደግሞ የሆነ ቆዳ የሚያሳክክ ነገር አለብህ ብዬ ዓመት ከመንፈቅ ፎጣህን አልነካሁም።"

እስኪያመን ሳቅን። "ለማንም እንዳትናገር" አልኩት። "ለማን እነግራለሁ?" አለ። "ለዓሣው?"

ከእማዬ ጋር ተስማማን፤ ያለፈው በጋ ፎቶ ይሆናል፣ ጀልባው ላይ ያለው። "አንተ ያልከው ይሁን" አለች። ግን ድምጿ... አንድ ነገር የተወሰደባት ሰው ድምፅ ነበር።

ኤፕሪል 30፣ ማክሰኞ

እሳት፣ ዝናብ፣ ቆብ በራስ ላይ። ፌሊሲያ፣ የዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢያችን፣ "የሕፃንነት ፎቶህን መቼ ነው የምናየው?" አለችኝ። "አይታይም" አልኳት። ትንሽ ዞር ብዬ ስመለስ ሲክስተን አጠገቧ ቆሟል፣ ጆሮው ቀልቷል። ይሄን ልጅ ሲያፍርም ሲያፈቅርም ጆሮው ነው የሚያጋልጠው።

ሜይ 6፣ ሰኞ

ዛሬ ያደረግኩትን ልጽፈው ነው። አልፈልግም ግን ልጽፈው ነው።

ኖሚ የምትባል የአንደኛ ዓመት ልጅ አለች። ትሮምቦን የምትነፋ። ትራንስ መሆኗን፣ ወንድ ልጅ ተብላ ማደጓን፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ራሷ ናት ማይክ ይዛ የተናገረችው። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ጎረምሶች ከኋላ ከኋላዋ እየሄዱ ድምፃቸውን አወፍረው "ቡኡኡ... ትሮምቦኑ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?" ይሏታል። ሰው ያያል። እኔም አየሁ። ስልኬን አወጣሁና አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ጥቁር መስታወት ነው ያነበብኩት።

የመጀመሪያዬ ደግሞ አይደለም። ጃንዋሪ ላይ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ አጠገቤ ተቀመጠችና ቀስ ብላ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "አንተም እንደኔ ነህ፣ አይደል?" አለችኝ። ከኋላችን የክፍሌ ልጆች ነበሩ። እኔ "እንደ ማን?!" ብዬ ጮኽኩ። እንዲሰሙ። ሰሙ፣ ሳቁ። የትሮምቦኗን ሳጥን አንስታ ሄዳ በረዶው ላይ ቆመች፣ አውቶቡሱ እስኪመጣ።

ለማንም አልተናገረችም። አራት ወር ሊሞላ ነው።

ለምንድነው ይሄ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰኝ?

ሜይ 14፣ ማክሰኞ

ሰው ሁሉ ደግ ሆኗል። ነገሩ ግራ ነው።

የእጅ ኳሱ ኤልዮት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ "ሃይ" ብሎኝ የማያውቅ ሰው፣ ዛሬ በሁለት እጁ አቀፈኝ። "ጎበዝ ነህ" አለኝ።

"በምን?"

"እንዲሁ... በሁሉም።"

ምሳ ላይ ሁለት ልጆች ቦታ ለቀቁልኝ። አንዷ እጄን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው። ሰው ሞቶብኝ ያልነገሩኝ መሰለኝ። ለእማዬ ደወልኩ። ሁሉም ደህና።

ሲክስተንን ጠየቅኩት። "ስንብት ነዋ ባክህ! ሊለያይ ሲል ሰው ይለሰልሳል።" ከቮልቮው ሥር ተኝቶ ዘይት እየቀየረ ስለነበር ጆሮውን አላየሁም።

ሜይ 19፣ እሑድ

ከሲክስተን ጋር ሐይቁ ላይ፣ በጀልባ። ለሎፎተን የምንይዘውን ዝርዝር ጻፍን። ድንኳን፣ ሁለት ቢላ፣ የሱ ጊታር (እምቢ አልኩ፣ ተሸነፍኩ)። ጥሩ ቀን። ቆቤን ሰጥቼው "አሁንስ?" ስለው "ገና እያሰብኩ ነው" አለ። ይሄ ሰው መጽሐፍ ሊጽፍልኝ ነው እንዴ?

ሜይ 23፣ ሐሙስ

ቅደም ተከተሉን ይዤ ልጻፈው።

የፌሊሲያ አባት ጋራዥ ውስጥ ለጭነት መኪናችን ጨርቅ እየተቀባ ነበር። ከምረቃው በኋላ ተጭነን ከተማውን የምንዞርበት መኪና፤ ጎኑ ላይ አንሶላ ላይ የተጻፈ ነገር ይሰቀልበታል። ሲክስተን "አንተ አትምጣ፣ ያንተ ተራ ነገ ነው" ብሎኝ ነበር። እኔ ሞኙ "ደክሟቸዋል" ብዬ አንድ ከረጢት የቀረፋ ዳቦ ገዝቼ ሄድኩ።

በሩን ከፈትኩ። መሬቱ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ የቀስተ ደመና ባንዲራ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ። መሃሉ ላይ የሰው ቁመት በሚያህል ፊደል፦ ቪጎ፣ በማንነትህ እንኮራለን።

ሁሉም ብሩሽ እንደያዙ ቀና አሉ።

"ወይኔ!" አለች ፌሊሲያ። "ሰርፕራይዝ ነበር እኮ!" ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። ወይን ጠጅ ቀለም ጃኬቴ ላይ ቀረ። "ሁላችንም ከጎንህ ነን። ሁላችንም።"

"በምን?"

መቼም ያቺን ጥያቄ ስጠይቅ ሁለተኛዬ ነው። የዚህኛውን መልስ ግን ሳልሰማው አውቄዋለሁ። እሷ ስልኳን አውጥታ ራሷ አሳየችኝ፣ በኩራት። እኔ የሌለሁበት የክፍል ግሩፕ። ሜይ 1፣ ከሰዓት በኋላ። የጻፈው ሲክስተን።

"ሰላም ሁላችሁ። ቪጎ ትራንስ ነው። ብቻውን ነው ሲሸከመው የኖረው፣ ከኔ ጋር። የመጨረሻው ቀን አንድ የሚያምር ነገር እናድርግለት? ለሱ ግን አትንገሩት።"

ከሥሩ ሃያ ስድስት ልብ። ቆጠርኳቸው። ሁሉም።

ሲክስተን ጥግ ላይ አረንጓዴ ቀለም ጣሳ ይዞ ቆሟል። ጆሮው እንደ ፍም።

ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። "አመሰግናለሁ" ብዬ ወጣሁ። አመሰግናለሁ! ለምን አመሰግናለሁ አልኩ?

ሜይ 24፣ ዓርብ

ሃያ ሁለት ቀን። ጀልባው ላይ ሳለን ሲክስተን ለሁሉም መናገሩን ያውቅ ነበር። ዘይት ሲቀይር ያውቅ ነበር። ስለ ጊታሩ ስንጨቃጨቅ ሁሉም ያውቁ ነበር።

ለማን እነግራለሁ? ለዓሣው?

ሜይ 26፣ እሑድ

መንደር ነኝ። ሲክስተን ስልኬን ስላላነሳሁለት ሁለት ሰዓት ነድቶ መጣ። አያቴ ከእንጨት ቤቱ ፊት ሰሌዳውን ይልጋል። እኔ እንጨት እየደረደርኩ ነበር፤ መደርደሬን አላቆምኩም።

"ለምን?" አልኩት።

"ፌሊሲያ ጠየቀችኝ... ለምን የሕፃንነት ፎቶህን እንደማታሳይ። እሳቱ ጋ። አንተ እኮ ነህ 'አይታይም' ብለህ..."

"እሺ ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያስ?"

"ነገርኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። 'ምን ዓይነት ጓደኛ ነህ፣ ይሄን ሁሉ ብቻህን ተሸክመህ' አለችኝ።"

"አንተ ተሸክመህ?"

ከዚያ፣ እውነቱን ነው፣ አልዋሸም፦ "ደስ አለኝ ቪጎ። እንደዚያ አድርጋ ስታየኝ... ደስ አለኝ።"

"እና በማግስቱ ለሁሉም ጻፍክላቸው።"

"አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረም እኮ! አንድም! ሁሉም ነው ልብ የላከው!"

"ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብ መመለስ እችላለሁ። በዚያ አንሶላ ከተማውን ሙሉ ልታዞሩኝ ነበር፣ ሲክስተን። ለማን እንደምናገር፣ መቼ እንደምናገር... እሱ አንድ ነገር ብቻ ነበር የኔ። አንተ ለሴት ልጅ ስጦታ አደረግከው።"

"ሊጠቅምህ ብዬ..."

"ጥቀመኝ ብዬሃለሁ?"

እግሩ ሥር ያለውን ፍልጥ በጫማው ገፋ አደረገው። "ሎፎተንስ?"

"መኪናው ያንተ ነው።"

ቮልቮው መታጠፊያው ጋ እስኪጠፋ አላየሁትም። ድምፁን ግን ሰማሁት፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሁሌ ይንተፋተፋል።

አያቴ መላጊያውን አቆመ። "ያ ልጅ ምሳ ሳይበላ ሄደ" አለ።

"አዎ።"

"ጥሩ አደረገ።" ትንሽ ላገ። "ቁንጫዬ፣ ይሄ እንጨት ተልጎ አልቋል። ምንድነው የሚለጠፍበት?"

ቁንጫዬ ነው የሚለኝ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ። ስሜን ስቀይር እሱ ምንም መቀየር አላስፈለገውም።

ሜይ 27፣ ሰኞ

ክፍል ፊት ቆምኩ። "ባንዲራው መኪናው ላይ አይሰቀልም" አልኩ። "ባንዲራውን ጠልቼው አይደለም። እኔን ሳትጠይቁ እኔን መስቀል አትችሉም።"

ፌሊሲያ አለቀሰች። "ሦስት ቀን ነው የቀባነው! ላንተ ብለን!" ከኋላ አንዱ "እንዲህ ዓይነት ምስጋና ቢስ" አለ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ክፉው ሰው እኔ ሆንኩ። እሷን ሦስት ሰው ነው አቅፎ የሚያባብላት።

ከዚያ ኤልዮት "ድምፅ እንስጥበት" አለ።

በእውነት። በኔ ላይ እጅ ወጣ። አሥራ ዘጠኝ አይሰቀል፣ ስምንት ይሰቀል። አሸነፍኩ መሰለኝ። ሲክስተንም አይሰቀል ብሎ እጁን አወጣ፤ መጀመሪያ ግን ወደ ፌሊሲያ አይቶ ነው። አየሁት።

ሜይ 29፣ ረቡዕ

የሙዚቃ ክፍሉ በር ላይ ሩብ ሰዓት ቆምኩ። መንፋቷን ስታቆም ገባሁ። ኖሚ የትሮምቦኗን ጫፍ በጨርቅ እየጠረገች ነበር።

"ጃንዋሪ ላይ... ፌርማታው ጋ..."

"አስታውሳለሁ። ብርድ ነበር።"

"ሰምተሻል አይደል? ስለኔ።"

"ያልሰማ አለ?"

"አንቺ ከሁሉም በፊት አውቀሻል። እንደዚያ አድርጌሽ እንኳ... ለምን ለማንም አልተናገርሽም?"

ሞኝ እንደሚያዩ አየችኝ። "የኔ አይደለማ!"

ይኼው ነው። ሁለት ቃል። ስንት ጊዜ ነው ሲክስተን ከነዚህ ሁለት ቃላት አንዷን ቢያስብ ብዬ... ተወው።

"ኮሪደሩ ላይም አይቼሻለሁ" አልኩ። "ሲከተሉሽ። አልፌ ሄድኩ።"

"አውቃለሁ። ስልክህ ጠፍቶ ነበር።"

አይታዋለች። ጥቁሩን መስታወት አይታዋለች።

"ይቅርታ።"

"እሺ።"

"እሺ ማለት ይቅር ብልሻለሁ... ይቅር ብዬሃለሁ ማለት ነው?" ምላሴ ሁሉ ተሳሰረ።

"እሺ ማለት ሰምቼሃለሁ ማለት ነው። አሁን ውጣ፣ ለምረቃችሁ የምንነፋውን ልለማመድ። ከባድ ነው፣ የናንተን ደስታ መንፋት።"

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ እነዚያ ሁለቱ ቆመው ነበር። አጠገባቸው ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ፣ እሷ ጨርሳ እስክትወጣ፣ አርባ ደቂቃ። "ምን ትጠብቃለህ?" አሉኝ። "እሷን" አልኩ። አንዱ አፉን ከፈተ፣ ሌላው "ና ባክህ እንሂድ" አለው። ትልቅ ነገር አይደለም።

ጁን 1፣ ቅዳሜ

ከእማዬ ጋር የፎቶ ሳጥኑን ከፈትን። ከዓመታት በኋላ። አንዱን አወጣሁ፦ ሰባት ዓመቴ ነው፣ የባቡር ሙዚየም፣ የነጂ ቆብ ሰጥተውኛል፣ በሁለቱ ሹሩባዎች ላይ እስከ ቅንድቤ ወርዶ። የፊት ጥርስ የለኝም። አሮጌው ባቡር ላይ እጄን ጭኜ እንደ ባለቤቱ ቆሜያለሁ።

"ይሄ ይለጠፍ" አልኩ።

እማዬ ፎቶውን ያዘችው። ለብዙ ጊዜ። "ለምን?"

"አሁንማ ምን ቀረ? ሁሉም አውቋል።"

"እንደዚያ ከሆነ አይለጠፍም" አለች። "ቤቱ ተዘርፏል ብለህ በሩን ልትገነጥለው ነው? ጀልባው ላይ ያለውን ነው የምለጥፈው።"

እማዬ እንዲህ ትናገራለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጁን 2፣ እሑድ

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ሹሩባው አይደለም መጀመሪያ ዓይን የሚገባው። ቆቡ ነው። ያ ልጅ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ያኔም ያውቅ ነበር።

ቁርስ ላይ ለእማዬ፦ "ስለተነገረብኝ አይደለም። ስለምወደው ነው። ከታች ቪጎ ብለሽ ጻፊ።"

"አሁን ይሆናል" አለች። አያቴ ሙጫ ሊያመጣ ተነሳ።

ጁን 5፣ ረቡዕ

ሮጥን። በሩ ተከፈተና ጩኸት፣ ኦርኬስትራ፣ ከዚያ ደግሞ በረዶ፣ አዎ፣ በጁን በረዶ፣ ምስር ፍሬ እያከለ ነጭ ቆባችን ላይ ተንጣጣ። ማንም ግድ አልሰጠውም።

ሰሌዳዬን ከሩቅ አየሁት። ከሁሉም ከፍ ብሎ ነበር፤ አያቴ ለካ ምሶሶ ነው የገጠመለት። ሹሩባ፣ ቆብ፣ ጥርስ የለሽ ሳቅ። ቪጎ። እማዬና አያቴ አጠገብ የቆመች አንዲት የማላውቃት ሴትዮ "ስታምር! የማን ናት?" ስትል ደረስኩ። አያቴ "የኛ ነው" አላት፤ "ይኼው፣ እየሮጠ መጣ።" ሴትዮዋ አንዴ ሰሌዳውን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ "እንኳን ደስ አለህ" አለችኝ። በቃ። ያን ያህል ነው ለካ። በኔ ፈቃድ ሲሆን ያን ያህል ነው።

እማዬ አበባ አንገቴ ላይ አጥልቃ አለቀሰች። እኔም።

ሲክስተን ሰዉን እየገፋ መጣ። ብዕር ይዟል። "ቆብህን ስጠኝ" አለ። "አሁን አውቄዋለሁ። የምጽፈውን አውቄዋለሁ።" ጆሮው ቀልቷል። አየሁት... ሦስት ዓመት። በረዶው ላይ ያሳቀኝ ሰው። ቆቤ እጄ ላይ ነበር፣ መሃሉ ነጭ።

"ሞልቷል" አልኩት።

ውሸት ነበር። እሱም ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ ሳስፈርም አውራ ጣቴን አይቷላ። ብዕሩን ኪሱ ከተተና ወደ ጭነት መኪናው ሄደ። የክፍሌ ልጆች ከላይ ሆነው "ቪጎ፣ ውጣ እንጂ!" ብለው ጮኹ፣ ፌሊሲያም ጭምር። እጄን አወዛወዝኩላቸው። የመኪናው ጎን ላይ አዲሱ አንሶላ ተሰቅሏል፦ ተመረቅን፣ ማን ያስቆመናል። አልወጣሁም።

ይቅር እለው ይሆን? አላውቅም። ዛሬ አይደለም። እሑድ ባቡር ተሳፍሬ ብቻዬን ወደ ሎፎተን እሄዳለሁ፤ ፋብሪካው ለሁለት የያዘውን ክፍል ለአንድ አድርጎልኛል። ይሄን ስጽፍ አሁንም ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይጎተታል፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ እንዳለ መኪና።

ኦርኬስትራው ዕቃ እየሰበሰበ ነበር። ኖሚ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ከትሮምቦኗ ውስጥ በረዶ ታራግፋለች።

"ብዕር አለሽ?"

ቆቡን ተቀበለችኝ። አገላበጠችው። "ዙሪያው ሁሉ ሞልቷል። የት ልጻፍ?"

"መሃሉ ባዶ ነው።"

"የማን ነበር?"

"የሰው።"

ሌላ አልጠየቀችም። ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ከዚያ ገልብጣ ራሴ ላይ አደረገችልኝ። "ቤት ስትደርስ" አለች።

ቤት ደረስኩ። የአያቴ መኪና ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳላወልቀው መጣሁ። አሁን መስኮቱ ጋ ነኝ። ያን ቀን ፌርማታው ጋ "እንደ ማን?!" ብዬ ነበር የጮኽኩት፣ ሰው እንዲሰማ። አውልቄ ውስጡን አየሁ። ሁለት ትናንሽ ቃላት።

"እንደ ኖሚ።"